እሺ ያለችው እህቷ ናት

«እስቲ ስምሽን ንገሪኝ» አላት ሐኪሙ፣ ከአልጋዋ ግርጌ ቆሞ።

ስሟን ነገረችው። የነገረችው መስሏት ነበር ቢባል ይሻላል። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ምላሷም ቦታውን አልሳተም፤ ከአፏ የወጣው ግን ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት ባዶ አየር ነበር። ደግማ ሞከረች። አሁንም ያው ነው። አጠገቧ የቆመችው ታናሽ እህቷ እየቀለደች መስሏት መጀመሪያ ሳቀች። ወዲያው የሐኪሙን ፊት አየችና ሳቋ አፏ ላይ ደርቆ ቀረ።

የአንገቷን እንቅርት ለማስወጣት ከመተኛቷ በፊት ሐኪሙ አስጠንቅቋታል። «ድምፅን የሚያንቀሳቅስ ቀጭን ነርቭ በዚያ በኩል ያልፋል፤ አልፎ አልፎ ይነካል» ብሏት ነበር። ሰምታዋለች። ግን ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰማው ለጎረቤት የተነገረ አድርጎ ነው።

ድምፅ ማጣት ለማንም ክፉ ነው፤ ለእሷ ግን ድምጿ የእንጀራ ገመዷ ነበር። በየምሽቱ በሬዲዮ ታሪክ ታነባለች። አድማጮች ስሟን ትተው «ወለላ» ብለው ከሰየሟት ቆይተዋል። ልብስ ሰፊው አባቷ እንኳ ሰፈር ውስጥ የሚታወቁት «የወለላ አባት» ተብለው ነው።

ወለላ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ጉሮሮዋን በሁለት እጇ ያዘች፤ የወደቀ ነገር የምትፈልግ ይመስል። ታናሿ ሚጣ «ይመለሳል፤ አይደል ዶክተር? ይመለሳል» ትላለች ደጋግማ። ሐኪሙም «የተወሰነው ሊመለስ ይችላል» አለ። ወለላ የሰማችው «የተወሰነው» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር።

*

ከሁሉም በላይ ያስፈራት የእሁድ መምጣት ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ መሃንዲሱ ይደውላል።

መሃንዲሱ ራቅ ካለ ቦታ፣ ወንዝ ላይ ድልድይ ያሠራል። የተዋወቁት ስለዚሁ ድልድይ ለቃለ መጠይቅ ሬዲዮ ጣቢያው በመጣ ጊዜ ነው። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ፣ እሷ በእጇ የያዘችውን ወረቀት እያነበነበች አለፈች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እሱ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ለምን እንደተነሳ ግን ራሱም አላወቀም። «ይቅርታ፣ ተራዬ የደረሰ መስሎኝ ነው» አላት። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በአካል የተገናኙት ከስንት አንዴ ነው። የሥራ ቦታው ላይ ስልክ የሚሠራው ከኮረብታ ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ እሁድ እሁድ ኮረብታውን እየወጣ ይደውልላታል።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የመሃንዲሱ እናት የትልቅ ዱቄት ፋብሪካ ባለቤት ናቸው። ወሬው ሲደርሳቸው ወለላን ቤታቸው አስጠሯት። ምንጣፉ እግር የሚውጥ ሳሎን ውስጥ አስቀመጧትና «ድምፅሽን እወደዋለሁ» አሏት ፈገግ ብለው። «የምወደው ግን በሬዲዮ ነው፤ ቤቴ ውስጥ አይደለም።» የልብስ ሰፊ ልጅ ስለመሆኗ ትንፍሽ ያለ የለም። አባቷ የሰፉላትን ቀሚስ ጠርዝ ግን ሴትየዋ ሁለት ጊዜ አዩት። ወለላ ያን ቀን በእግሯ ነው ወደ ቤቷ የተመለሰችው፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ፊት ማልቀስ ስላልፈለገች።

ስለ ቀዶ ጥገናው ለመሃንዲሱ አልነገረችውም። ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣ ነው ብላ ራሷን አሳምናለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሀብታም ሰው ነው፤ ቆንጆ ሴት አይቸግረውም፣ የተማረች አይቸግረውም። ኮረብታ የሚያስወጣው ድምጿ ነው ብላ ታምናለች። ድምጿ ከሄደ እሷ ለእሱ ምኗ ቀረ?

እሁድ ደረሰ። ስልኩ ጮኸ። ሁለቱ እህትማማቾች ክፍላቸው ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጠው እባብ እንዳየ ሰው አፈጠጡበት።

«አታንሺው» አለች ወለላ፣ በዚያ በተነፈሰ ድምጿ።

ሚጣ ግን አነሳችው። «ሄሎ! ደህና ነህ? ኮረብታው ዛሬ አልጨረሰህም?»

ወለላ ደነዘዘች። ሚጣ ድምጿ ከእሷ ጋር አንድ ነው፤ ሟች እናታቸው እንኳ ከጓሮ ሲጠሩ የትኛዋ «አቤት» እንዳለች አያውቁም ነበር። ግን የራሷ ሳቅ፣ የራሷ «እሺ ጌታዬ»፣ የቃላት አጎታተቷ ሳይቀር ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ከዚህ በፊት ሰምታ አታውቅም። ሰው መስታወት ፊት ቆሞ፣ መልኩ ከመስታወቱ ወጥቶ ሲሄድ ቢያይ እንዲህ ይሆን ይሆናል። እህቷን ማቀፍም ማነቅም አማራት። ያደረገችው ግን ሌላ ነው፤ ጉንጯን ከሚጣ ጉንጭ ጋር ገጥማ፣ በአንድ ስልክ ለሁለት መስማት ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ባሉት እሁዶችም እንዲሁ ሆነ። ወለላ የሚባለውን ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ ሚጣ ትላለች፤ አልፎ አልፎም ሚጣ ከራሷ ቀልድ ትጨምርበታለች። መሃንዲሱ ይስቃል። እሱ በሳቀ ቁጥር የወለላ ልብ ትንሽ ይቆረሳል።

*

ሌላው የሳምንቱ ቀን በሹክሹክታ ይገፋ ጀመር። ባለሱቁን «ሳሙና ስጠኝ» ብላ ስታንሾካሹክለት እሱም ግራ ቀኝ አይቶ «የልብስ ነው የገላ?» ይላታል በሹክሹክታ፤ ምስጢር የሚገበያዩ ይመስላሉ። ታክሲ ላይ «ወራጅ» ማለት አቅቷት ሁለት ፌርማታ አልፋ በእግሯ ተመለሰች። በኋላ ዘዴ አገኘች፤ በቀለበቷ መስኮቱን ትመታለች።

ቀስ በቀስ ያስተዋለችው ሌላ ነገርም አለ። መናገር ለማይችል ሰው ሰዎች ይናገራሉ። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ሴት «ምነው ዝም አልሽ?» አለቻትና፣ ወለላ ጉሮሮዋን ስታሳያት፣ ሴትየዋ የሕይወቷን ታሪክ ዘርግፋ ነገረቻት። ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ ለዓመታት የእሱን እራት ለይታ ስታስቀምጥ ኖራለች። አንድ ቀን ርቧት ራሷ በላችው። «ምን ልበልሽ፣ እንዲያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም» አለች ሴትየዋ፣ እየሳቀች እንባዋን እየጠረገች። ወለላ ድምፅ ቢኖራት ኖሮ «አይዞሽ» ብላ ጣልቃ ትገባ ነበር፤ ታሪኩም እዚያው ላይ ይቋረጥ ነበር። ቤቷ ስትደርስ ቁጭ ብላ ጻፈችው። ለምን እንደጻፈችው አላወቀችም።

በዚሁ መሃል የፕሮግራሙ ኃላፊ ደወሉ። ጣቢያው ውስጥ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ስልኩን ሚጣ ነበረች ያነሳችው። ጋሼ ድምፁን ሲሰሙ «ተመስገን! ዳንሽ! ነገ ስቱዲዮ!» ብለው ዘጉት። በማግስቱ እህትማማቾቹ ነገሩን ሊያስረዱ አብረው ሄዱ። ወለላ አፏን ስትከፍት ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ፤ ተቀመጡ። ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ሚጣ ዞረ።

«አንቺ... ማንበብ ትችያለሽ?»

ወለላ የተቀመጠችበት ወንበር የከዳት መሰላት። ሚጣ «እኔ? አልችልም! እህቴ እያለች!» ብላ ተነሳች። ወለላ ግን ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። በዚያች ቅጽበት ደግ ሆና አልነበረም፤ ቤታቸው ሌላ ገቢ ስላልነበረው ነው።

ሚጣ የመጀመሪያውን ምሽት ስታነብ ወለላ ከአባቷ ጋር ቤት ነበረች። «እንደምን አመሻችሁ» የሚለው ድምፅ ከሬዲዮው ሲወጣ አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። ሬዲዮውን አልዘጉትም፤ መዝጋቱ መሸነፍ መሰላቸው ይሆናል። የስፌት መኪናውን ፔዳል ግን በኃይል ይረግጡት ጀመር። ልብስ በሌለበት ባዶውን ሰፉ፤ የመኪናው ጩኸት የሬዲዮውን ድምፅ እስኪውጠው ድረስ። ወለላ የአባቷን እግር አየች። ከድምጿ መጥፋት ይልቅ ያ እግር አስለቀሳት።

የሚነበብ ታሪክ ሲያጥር ወለላ የወረፋዋን ሴት ታሪክ በሚጣ እጅ ላከች። በተነበበበት ምሽት ዳቦ ቤት ተሰልፋ ነበር። ሬዲዮው ክፍት ነው። ቀስ እያለ ሰዉ ዝም አለ። ባለዳቦ ቤቷ የሰው መልስ እንደያዘች እጇን አየር ላይ ተወችው፤ አንድ ደንበኛ ሲነጫነጭባትም «ቆይ፣ ሴትየዋ ትብላና!» አለችው። ዱቄት የተሸከመ ወዛደር ጆንያውን ማውረዱን ረስቶ በሩ ላይ ቆመ። ሴትየዋ እራቱን በላች። ባለዳቦ ቤቷ በሽርጧ ዓይኗን ጠርጋ «ማን ነው ይህን የጻፈው?» አለች።

ወለላ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ስንት ዓመት ስታነብ «ድምፅሽ ደስ ይላል» ያላት ሰው ቁጥር የለውም፤ ያነበበችውን ያስታወሰ ሰው ግን አልገጠማትም። «እኔ ነኝ» ልትል ፈለገች። ግን አፈረች። ዳቦዋን ይዛ ወጣች፤ መንገድ ላይ ብቻዋን ስትስቅ ያያት ሰው አበደች ይላል።

*

ወራት አለፉ፤ ወለላ ትጽፋለች፣ ሚጣ በሬዲዮ ታነበዋለች። ከድምጿ የተወሰነው ተመለሰ፤ ግን የእሷ አልነበረም። ወፍራም፣ ሻካራ፣ መሃል ላይ የሚሰነጠቅ ድምፅ ነው። ሐኪሙም «ከዚህ በላይ አልጠብቅም» አላት። ከአባቷና ከሚጣ በቀር ለማንም አታሰማውም።

ከእሁዶቹ በአንዱ መሃንዲሱ እንደ ሌላው ጊዜ አልቀለደም። ሁለቱም ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ይሰማሉ።

«ድልድዩ አልቋል። ልመጣ ነው» አለ። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮኻል። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው ዛሬ የወጣሁት። ታገቢኛለሽ?»

ወለላ በእጇ ባዶ ወረቀት ይዛ ነበር። እስክሪብቶው ወደቀ። ሚጣ በፈጠጠ ዓይን አየቻት። ወለላ ራሷን በኃይል ነቀነቀች፤ ዝም በይ፣ አትመልሺ ማለቷ ነው።

«እሺ!» አለች ሚጣ። ከዚያ ስልኩን ዘግታ እንደ ፍም ወረወረችው።

«ምንድነው ያልሽው?» አለች ወለላ።

«እሺ።»

«ማን እሺ በይ አለሽ?»

«እንዴ! ሰው ታገቢኛለሽ ሲል ምን ይባላል? ቆይ አስተርጓሚዬን ላማክር ይባላል?»

«ምንድነው እሱ ጩኸት?» አሉ አባታቸው ከወዲያኛው ክፍል።

«ምንም አይደለም አባዬ! ለእህቴ ባል ተቀብዬላት ነው!»

ወለላ አልሳቀችም። «እሺ ያልሽው ለራስሽ ነው» አለች። በዚያ ሻካራ ድምፅ ሲነገር ቃሉ ይበልጥ ከበደ። «የጠየቀው ያንቺን ድምፅ ነው። ሲስቅ የከረመው ባንቺ ቀልድ ነው። እኔ እዚህ ስልክ ውስጥ የለሁም፣ ሚጣ። ከወጣሁ ቆየሁ።»

የሚጣ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ እኮ...» አለች፤ «እኔ እኮ እስክትመጪ ቦታሽን የያዝኩልሽ መስሎኝ ነበር።»

ለብዙ ጊዜ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ፤ ጀርባቸው ግን ተነካክቶ ነበር።

*

ያን ሳምንት ወለላ ሁሉንም የሚናዘዝ ደብዳቤ ልትጽፍለት ሞከረች። ለአገር ሁሉ የምትጽፍ ሴት ለአንድ ሰው አንድ መስመር አቃታት። ጻፈች፣ ቀደደች፣ ጻፈች፣ ቀደደች።

በእሁዱ አባቷ ልክ ሊወስዱ ደንበኛ ቤት ሄደዋል፤ ሚጣም ቀረጻ ላይ ናት። ስልኩ ጮኸ። የሚያነሳው ሰው አልነበረም። ቆመ። እንደገና ጮኸ። ወለላ አነሳችውና ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ ምንም አልተናገረችም።

እሱም አልተናገረም። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ሰማች።

«ይኸው» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ነሽ። ይህን ዝምታ እንዴት እንደናፈቅሁት!»

ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እህትሽ ጎበዝ ናት፤ ግን አንዴም ዝም አትልም። አንቺ እኔ ሳወራ ጸጥ ትዪ ነበር። ያን ሁሉ ዳገት የምወጣው የሚሰማኝ ሰው ስላለ ነው። ወሬማ ሬዲዮም አለኝ። ከሦስተኛው እሁድ ጀምሮ ጠርጥሬያለሁ። ግራ ሲገባኝ ጋሼ ጋ ደወልኩ፤ እሳቸው ነገሩኝ። ታገቢኛለሽ ያልኩት እሷን አይደለም። አጠገቧ የተቀመጠችውን ነው። ስትተነፍሺ ይሰማኝ ነበር።»

ወለላ ሚጣ የምትቀመጥበትን የአልጋውን ጫፍ አየች።

«መልሱን ከራስሽ ልሰማ መጥቻለሁ። በሩን ክፈቺልኝ እንጂ፣ ፀሐዩ አናቴን በሳኝ።»

በሩን ከፈተችው። ከስቷል፤ ጫማው አቧራ ለብሷል። ልቧ ወደ እሱ ሮጠ፤ አፏ ግን ሌላ ተናገረ።

«ታውቅ ነበር!» አለችው። «እያወቅህ ያን ሁሉ እሁድ ስታሰቃየኝ ከረምክ!»

ድምጿን ሲሰማ ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። አየችው። በዓይኗ በብረቱ አየችው።

«ደነገጥክ» አለች።

«አዎ ደነገጥኩ» አለ። «ጋሼ ስለነገሩኝ የተዘጋጀሁ መስሎኝ ነበር። አልዋሽሽም፣ ደንግጫለሁ።»

«እንግዲያው ሂድ።»

«ደንግጦ የማይሄድ ሰው አይተሽ አታውቂም?»

እሱ ደጃፉ ላይ፣ አቧራው ላይ፣ ያን የሚያምር ሱሪውን ሳያዝንለት ቁጭ አለ። «አጥፍቻለሁ» አለ። «ብነግርሽ ስልኩን ዘግተሽ የምትጠፊ መሰለኝ፤ ፈራሁ። አሁን ተቆጪኝ። በዚሁ ድምፅ እስኪበቃሽ ተቆጪኝ፤ እኔም ልልመደው።»

ወለላ ቆማ ቆማ አጠገቡ ተቀመጠች። «እኔም ገና እየለመድኩት ነው» አለች። ከዚያ ስለ ባለሱቁ ነገረችው፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ አባቷ እግር፣ ስለ ወረፋዋ ሴት፣ ስለ ዳቦ ቤቱ። ድምጿ በየመሃሉ ተሰነጠቀ፤ እሱም በተሰነጠቀ ቁጥር አልተሳቀቀም፣ ቃሉን ሊጨርስላት አልሞከረም፣ ጠበቀ። «ድምፄን አልቀብርም ብዬ ስንት ጊዜ አለቀስኩ» አለችው። «ግን እሱ ባይሄድ ኖሮ የሰው ወሬ ሳነብ አረጅ ነበር። የራሴ የምለው ነገር እንዳለኝ ሳላውቅ።»

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አውጥቶ አየውና ፊቱ ጠቆረ። «እናቴ ናት። ስለ አንቺ ስነግራት ነው የሰነበትኩት፤ ስትቆጣኝ ነው የሰነበተችው።» ሊዘጋው ሲል እጁን ያዘችው። ለምን እንዳደረገችው ኋላም ልትገልጸው አልቻለችም። ስልኩን ወስዳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ማን ልበል?» አሉ ሴትየዋ። «ልጄ የት ሄዶ ነው?»

«አጠገቤ ነው፣ እማማ። እኔ ነኝ... የሬዲዮዋ።»

ወዲያ ማዶ የሰዓት መምቻ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«ይህ ድምፅ... ምን ሆነሽ ነው?»

«ታምሜ ነበር። ኦፕራሲዮን ተደርጌ ድኛለሁ። ድምፄ ግን ከእንግዲህ ይኸው ነው።»

«ልጄ ይህን አልነገረኝም!» አሉ ሴትየዋ፤ ድንጋጤያቸው ወደ ቁጣ ሄደ። «ሆስፒታል ማን አስታመመሽ?»

«እህቴ።»

«እህትሽ ብቻ? ለሰው አይነገርም እንዴ? የአገር ሰው አልቆ ነው?» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ ብላኛለች ሲል ነበር። እውነት ነው?»

«ያኔ እሺ ያለችው እህቴ ናት» አለች ወለላ።

«አንቺስ?»

መሃንዲሱ አቧራው ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አያት። ወለላ በዚያ ወፍራም፣ በሚሰነጠቅ ድምጿ፣ ሳትጣደፍ ተናገረች።

«እኔም እሺ ብያለሁ፣ እማማ።»

«እኔ ገና እሺ አላልኩም» አሉ ሴትየዋ። «ይሰማሻል? ገና አላልኩም። ... ቢሆንም ያን ጉሮሮሽን ብርድ እንዳታስመችው።»

ስልኩ ተዘጋ። ወለላ በድንጋጤ መሃንዲሱን አየችው፤ እሱም አያት። ከዚያ ሳቋ መጣ። ከጉሮሮዋ ሥር ተነስቶ፣ ሻካራ ሆኖ፣ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ወጣ። ከሆስፒታሉ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ይህ ሳቅ ምን እንደሚመስልም ሰምታው አታውቅም ነበር። አፏን በእጇ ልትሸፍን ስትል እሱ እጇን ቀስ ብሎ ያዘው። እሷም አልከለከለችው፤ የማታውቀውን የራሷን ሳቅ እያዳመጠች፣ እስኪወጣላት ሳቀች።